ርካሽ ቸርኬ በጅማ ክረምት፦ ከሰኔ እስከ ጥቅምት

ሰኔ 8

ዛሬ የሳይክሌ የኋላ ቸርኬ ለየለት። ከጅሬን ስወርድ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ባለው ቁልቁለት ላይ «ጧ» አለ። ወዲያው ቸርኬው ፍሬኑን እየነካካ ይንሸዋረር ጀመር። ወርጄ ሳየው አንድ ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። በሦስት ወር ውስጥ አራተኛው ነው። ሳይክሉን እየገፋሁ ስመጣ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ።

ቸርኬውን የገዛሁት መጋቢት 10 ነው። 26 ቁጥር፣ አሉሚኒየም፣ ባለ አንድ ግድግዳ፣ 36 ሽቦ ያለው። 2,600 ብር ከፍዬበታለሁ። ሻጩ «የማውንቴን ሳይክል ነው፤ ድንጋይ አይፈራም» ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ይህን የማውቀው መንገዴ ስለማይቀያየር ነው። ከፈረንጅ አራዳ ተነስቼ ጅሬን ጀርባ ወዳለው የአባቴ ቡና ማሳ ደርሶ መልስ 18 ኪሎ ሜትር ነው። በስልኬ ለክቼዋለሁ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እሄዳለሁ።

ሽቦ ለማስቀየር ሦስት ጊዜ ጎሚስታ ቤት ተመላልሻለሁ። ለዚያ ብቻ 600 ብር ወጥቷል። ሲደመር 3,200 ብር። በኪሎ ሜትር 4 ብር ከ10 ሳንቲም በላኝ ማለት ነው።

ሰው ማውንቴን ሲገዛ የማርሹን ብዛት ይጠይቃል። ቀለሙን ይመርጣል። ስለ ቸርኬው የሚጠይቅ ግን አላየሁም። ኮብልስቶኑም፣ ጉድጓዱም፣ ጭቃውም መጀመሪያ የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሬ እየመዘገብኩ እሄዳለሁ። ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ርካሽ ቸርኬ ቶሎ የሚሞተው ርካሽ ስለሆነ ነው ወይስ ማንም በደንብ ሳያጠብቀው ስለሚሸጥ?

ሰኔ 9

ፈታሁት። አራቱም ሽቦዎች የተበጠሱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ክርናቸው ላይ። ሞዞው፣ ማለትም የቸርኬው እምብርት፣ ውስጥ ገብተው የሚታጠፉበት ቦታ ማለቴ ነው። ሽቦ በአንድ ጊዜ ጉልበት ሲበጠስ ጫፉ ተስቦ ይቀጥናል። የኔዎቹ ግን ሳይቀጥኑ ነው የተቆረጡት። ይህ ሽቦ ደክሞ ሲሞት የሚያሳየው ምልክት ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ሚስማር ይበቃል። ሚስማር ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ቢያጥፉት መጨረሻ ላይ ይሰበራል። ጎማው ሲዞር እያንዳንዱ ሽቦ ወደ መሬት በመጣ ቁጥር ውጥረቱ ይቀንሳል። ወደ ላይ ሲወጣ መልሶ ይወጠራል። 26 ቁጥር ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ወደ 490 ጊዜ ይዞራል። በ780 ኪሎ ሜትር ከ380 ሺህ ጊዜ በላይ ዞሯል። ሽቦው መጀመሪያውኑ ጥብቅ ከሆነ፣ መሬት ጋ ሲደርስም ጨርሶ አይላላም። ከላላ ግን በየዙሩ ክርኑ ቀዳዳው ውስጥ ይነቃነቃል። የሚያደክመው ይሄ ነው።

የቀሩትን 35 ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቴ መታሁ። ሰባቱ ድምፅ እንኳን አይሰጡም። እንደ እርጥብ ገመድ ናቸው። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ነክቼ አላየሁም ነበር።

ሌላም ነገር አገኘሁ። በሞዞው መሀል የሚያልፈውን ዘንግ፣ ፐርኖውን፣ አውጥቼ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አንከባለልኩት። እየዘለለ ነው የሚሄደው። ታጥፏል። በርካሽ ሞዞ ላይ የማርሹ ጥርስ ሞዞው ላይ እየተጠመዘዘ ይገባል። የቀኙ ኩሽኔታ የሚቀመጠው ደግሞ ከጥርሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል ከ3 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ፐርኖ ምንም ደጋፊ የለውም። ጉድጓድ በመታሁ ቁጥር ክብደቴ እሱ ላይ ያርፋል። እኔ 78 ኪሎ ነኝ። ኋላ ላይ የምጭነው ደግሞ አለ። ውድ በሆኑት ሞዞዎች የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ዳር ይወጣል፤ እዚያ ላይ ፐርኖ እንዲህ በቀላሉ አይታጠፍም።

ሰኔ 13

ሄርማታ መርካቶ ዋልኩ። አንድ የድሮ የሳይክል ሠራተኛ አለ፤ ፀጉሩ ነጭ፣ እጁ ጥቁር። የሞተውን ቸርኬ ይዤለት ሄድኩ። ገልብጦ አየውና «ልጄ፣ ቸርኬ ስትገዛ ፊቱን አይተህ አትግዛ። ሆዱን እይ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሆዱን ሲሉ ምኑን ነው?»

ጎማውን ከአንድ አዲስ ቸርኬ ላይ አውልቆ አሳየኝ። ባለ አንድ ግድግዳው ላይ የሽቦዎቹ ትንንሽ ዳዶዎች ከመነዳሪው ስር እንዳሉ ራሳቸው ይታያሉ። ባለ ሁለት ግድግዳው ላይ ግን ዳዶዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ሌላ ወለል አለ ማለት ነው። «አንዱ ትሪ ነው፤ አንዱ ሳጥን ነው። ትሪ ዳሩን ብትጫነው ይታጠፋል። ሳጥን ግን እምቢ ይልሃል።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም።

ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ይዤ ነበር። እያንዳንዱ ሱቅ ውስጥ አስጠጋሁት። ቸርኬው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው። የብረት ቸርኬ ጠንካራ ሊመስል ይችላል፤ ሲረጥብ ግን ፍሬን አይዝም። ለጅማ አይሆንም። ሽቦው ላይ ደግሞ አጥብቆ ከያዘ ተራ የተቀባ ብረት ነው፤ ይዝጋል። እምብዛም ካልያዘ የማይዝግ ነው። ሁለት ባለ ሱቆች ሊስቁብኝ ሞከሩ። ሦስተኛው ማግኔቱን ተቀብሎ የራሱን ዕቃ ሁሉ ፈተነበት።

መጋጠሚያውንም በጥፍሬ ዳሰስኩ። ቸርኬ ታጥፎ ክብ ከሆነ በኋላ ሁለቱ ጫፎች ወይ ይበየዳሉ ወይ በፒን ይያያዛሉ። በፒን የተያያዘው ላይ ጥፍር የሚያደናቅፍ ደረጃ ካለ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይመታል። የተበየደው ዋጋው አልቀመስ አለኝ። በመጨረሻ በፒን የተያያዘ፣ ደረጃ የሌለው፣ ባለ ሁለት ግድግዳ፣ የማይዝግ 36 ሽቦና ድፍን ፐርኖ ያለው ገዛሁ። 4,300 ብር።

ሰኔ 15

ቀኑን ሙሉ ቸርኬ ስቃኝ ዋልኩ። መቃኘት ያልኩት እንዲያው አይደለም። ሥራው ከክራር መቃኘት ጋር አንድ ነው። ሽቦውን መታ አድርጎ ድምፁን መስማት፣ ቁልፉን ትንሽ ማዞር፣ ደግሞ መስማት።

አዲሱን ቸርኬ ከፕላስቲኩ አውጥቼ ሳይክሉን ገለበጥኩና አስገባሁት። ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የሳይክሉ እግር ላይ በፕላስተር ስቲኪኒ አሰርኩ። ጫፉ ቸርኬውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቆምኩት። ከዚያ አዞርኩ። በአንድ በኩል ስቲኪኒውን ይገፋል፤ በሌላው በኩል ይርቀዋል። በካሊብሮ፣ በሚሊ ሜትር መለኪያው፣ ስለካው ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከሱቅ የወጣ አዲስ ዕቃ!

መጀመሪያ በእያንዳንዱ ሽቦ ዳዶ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አደረግኩ። ካልተቀባ ዳዶው ዞረ ብለው ሲያስቡ ሽቦው ራሱ ይጠመዘዛል። በኋላ መንገድ ላይ ይፈታል። ቀጥሎ ሰባቱን ስምንቱን በጣም የላሉትን ከሌሎቹ ጋር አስተካከልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጥመቱን የነካሁት። ቸርኬው ወደ ቀኝ ካጋደለ እዚያ ቦታ ላይ ያሉትን የግራ ሽቦዎች ሩብ ዙር አጠብቃለሁ፤ የቀኞቹን ሩብ ዙር አላላለሁ። ከሩብ ዙር በላይ በአንዴ አይነካም። አቅጣጫው ጀማሪን ያደናግራል። ከጎማው በኩል ሆነው ቢያዩት ማጥበቂያው እንደ ማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ ነው። ከሞዞው በኩል ሲያዩት ግን የተገላቢጦሽ ይመስላል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የፈጀብኝ ይሄ ነው።

የኋላ ቸርኬ ሁለቱም ጎኑ እኩል አይወጠርም። በቀኝ በኩል ማርሹ ቦታ ስለሚይዝ የቀኞቹ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የግራዎቹ ዘመም ይላሉ። ቸርኬው መሀል እንዲሆን የቀኞቹ በጣም መጥበቅ አለባቸው። ስለዚህ የቀኙ ድምፅ ቀጭን፣ የግራው ወፍራም ይሆናል። የምንፈልገው የቀኞቹ እርስ በርሳቸው፣ የግራዎቹም እርስ በርሳቸው አንድ ድምፅ እንዲሰጡ ነው። መሀል መሆኑን ለማወቅ ቸርኬውን ገልብጬ አስገባሁት። ስቲኪኒው ጋ ያለው ክፍተት ሲገለበጥም ያው ከሆነ መሀል ነው።

መጨረሻ ላይ አብረው የሚሄዱትን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን በመዳፌ ይዤ በሙሉ ጉልበቴ ጨመቅኩ። ዙሪያውን። «ቅጭ ቅጭ» ይላል። ክርኖቹ ቦታቸውን እየያዙ ነው። ከዚያ እንደገና ቃኘሁ። ይህን ማንም አይሠራውም፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ዋጋ ያለው ይሄ ይመስለኛል።

ሞዞውንም ከፈትኩ። በእያንዳንዱ ጎን 9 ብይ አለ፤ በጠቅላላው 18። ግራሶው አንድ ጎን ላይ ብቻ ነው ያለው። በሌላው በኩል ብዮቹ ደረቅ ናቸው ማለት ይቻላል። በላምባ አጥቤ በሁለቱም በኩል ግራሶ ሞላሁ። ሾጣጣዎቹን ዳዶዎች አጥብቄ ትንሽ አላላሁ። ፐርኖው በጣት ሲዞር መንቀርቀር የለበትም፤ ሲያወዛውዙትም መንቀሳቀስ የለበትም። ለግራሶና ለላምባ 150 ብር ወጣ።

አምስት ሰዓት ፈጀ። ጥመቱ ከ4 ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወረደ።

ሰኔ 22

ከ70 ኪሎ ሜትር በኋላ ፈተሽኩት። ጥመቱ 1 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ሦስት ሽቦ ላልቷል። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ አዲስ ቸርኬ መጀመሪያ ላይ ይረጋጋል። ሃያ ደቂቃ በቂ ሆነ።

ሐምሌ 4

አንድ ችግር ሲያሳስበኝ ሰንብቷል። አሮጌው ቸርኬ ርካሽና ያልተቃኘ ነበር። አዲሱ ደግሞ የተሻለና የተቃኘ ነው። አዲሱ ቢቆይ የትኛው እንደጠቀመው በምን አውቃለሁ?

መልሱ ራሱ በር አንኳኳ። የጎረቤቴ ልጅ በክረምቱ ዕረፍት ለሱቆች ዳቦ በሳይክል ያደርሳል። አባቱ አዲስ የኋላ ቸርኬ ገዝተውለታል። ሳየው መጋቢት ላይ የገዛሁት ዓይነት ነው። ያው ባለ አንድ ግድግዳ፣ ያው 2,600 ብር።

«ጋሼ፣ የእርስዎን እንዳደረጉት የኔንም ያድርጉልኝ።»

«አንተ ራስህ ትሠራዋለህ። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ጆሮው ከኔ ይሻላል። የላላውን ሽቦ ሳይነካው ከሩቅ ይለያል። ከሰዓት ጀምረን ሲመሽ ጨረስን። ጥመቱ 1 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። በባለ አንድ ግድግዳ ከዚያ በታች ማውረድ አልቻልንም። ልጁ ከኔ በጣም ይቀላል፤ ዳቦውም እንደዚያው። ስለዚህ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ግን እሱ ቀኑን ሙሉ ኮብልስቶን ላይ ነው የሚበረው።

ሐምሌ 20

ዝናብ። አንድ ሳምንት ሙሉ አላባራም። አዌቱ ወንዝ ሞልቷል። የጅሬን ቀይ አፈር ሲረጥብ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ጎማው መዞር ሲያቅተው በእንጨት እየፋቅኩ እሄዳለሁ።

ዛሬ ስወርድ ፍሬኑ ሲያፏጭ ሰማሁ። የፍሬኑን ጎማ አውጥቼ ሳየው ደቃቅ ጠጠሮችና የአሉሚኒየም ፍንካች ተሰክተውበታል። በመርፌ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ጭቃውና ጠጠሩ ፍሬኑን ብርጭቆ ወረቀት አድርገውታል። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የራሴን ቸርኬ እየሞረድኩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከማሳው ስመለስ ቁልቁለቱን መውረድ ከመጀመሬ በፊት ቸርኬውን በአንድ ኮዳ ውሃ አጥባለሁ። የፍሬኑን ጎማ ደግሞ በየሳምንቱ እመለከታለሁ።

ነሐሴ 11

ልጁ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ሄርማታ አካባቢ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ሽቦ አልተበጠሰም። ቸርኬው ዳር ግን ወደ ውስጥ ተጨርምቷል። ከመነዳሪውም ሁለት ቦታ ተበስቷል፤ እባብ የነደፈው ይመስላል። ይህ የሚሆነው ጎማው ሲላላና ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ሲቀረቀር ነው። ነፋሱን ስንለካ 20 ፒኤስአይ ብቻ ነበር። እኔ ኋላውን 40፣ ፊቱን 35 አደርጋለሁ።

የተጨረመተውን ዳር በጨርቅ ጠቅልለን በፒንሳ ቀስ እያልን መለስነው። ፍሬኑ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ አሁንም ይነጥራል። ያው ጉድጓድ ውስጥ እኔም ሐምሌ ላይ ገብቻለሁ፤ ሳጥኑ ምንም አልሆነም። የሽማግሌው ትሪና ሳጥን ትዝ አለኝ።

ነሐሴ 25

ሞዞውን ከፈትኩ። ግራሶው ወተት መስሏል። ውሃ ገብቷል። ርካሽ ሞዞ ላይ ውሃ የሚከለክለው አንዲት ቀጭን የቆርቆሮ ክዳን ብቻ ናት። ብዮቹ ግን ገና ያበራሉ፤ ጉዳት የላቸውም። ሁለት ሳምንት ብዘገይ ኖሮ ዝገት ይጀምር ነበር። አጥቤ አዲስ ግራሶ ሞላሁ። ከሰኔ ከገዛሁት የተረፈ ስለነበር ወጪ የለውም። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጬ ክዳኗ ላይ አጠለቅኩባት። ይረዳ እንደሆነ አየዋለሁ።

መስከረም 12

የቸርኬውን ግድግዳ፣ ፍሬኑ የሚይዘውን ጎን፣ ለካሁ። ዳሩ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ካሊብሮ በቀጥታ አይገባም። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ከአሮጌው ሽቦ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ። አንዱን በውስጥ፣ አንዱን በውጭ አድርጌ ለካሁና 4 ሚሊ ሜትር ቀነስኩ። ሰኔ ላይ 1.5 ነበር። አሁን 1.3 ነው። በአንድ ክረምት 0.2 ሄደ። 1 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እቀይረዋለሁ፤ ከዚያ በታች የጎማው ነፋስ ራሱ ግድግዳውን ሊቀድደው ይችላል። የፊተኛውን ስለካው 1.2 ነው። አብዛኛውን ፍሬን የምይዘው በፊት ስለሆነ ነው።

ሽቦ እስካሁን አልተበጠሰም።

ጥቅምት 9

ከሰኔ 15 ጀምሮ 17 ሳምንት ሆነ። በሳምንት 70 አካባቢ፣ በጠቅላላው ወደ 1,190 ኪሎ ሜትር። የተበጠሰ ሽቦ የለም። ጥመቱ ከአራት ጊዜ ቅኝት ጋር 1 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ወጪው 4,450 ብር። በኪሎ ሜትር 3 ብር ከ74 ሳንቲም፤ ደግሞ ገና እየሄደ ስለሆነ በየቀኑ ይቀንሳል።

የልጁ ቸርኬ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ሄዷል። እሱም ላይ ሽቦ አልተበጠሰም። የኔ የመጀመሪያው እዚህ ርቀት ሳይደርስ ሦስት ሽቦ ቀይሬለት ነበር። ስለ ሽቦው ያለኝ ጥያቄ በዚህ ተመለሰ ብዬ አምናለሁ፦ ሽቦ የሚያቆየው ቅኝት ነው። ለጭርምቱ ግን ቅኝት አልረዳውም። ባለ ሁለት ግድግዳ ለመግዛት የጨመርኩት 1,700 ብር የሄደው እዚያ ላይ ነው፤ አይቆጨኝም። ገንዘብ ያነሰው ሰው ባለ አንድ ግድግዳውን ገዝቶ በደንብ ቃኝቶ ነፋሱን ካላጎደለ በከተማ ውስጥ ይጠቀምበታል። ወደ ጅሬን ለሚወጣ ግን አልመክርም።

ፐርኖው ነው የቀረኝ። ዛሬ አውጥቼ መስታወቱ ላይ አንከባለልኩት። ድፍን ቢሆንም በትንሹ ዘለለ። መታጠፍ ጀምሯል። ቅኝትም ግራሶም ፐርኖን አያድኑም፤ ችግሩ የሞዞው አሠራር ነው። መለዋወጫው 250 ብር ነው። ቡና ለቀማ ስለተጀመረ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ከማሳው ቀይ እሸት በጆንያ እጭናለሁ። ስለዚህ አዲስ ፐርኖ ዛሬ ማታ አስገባለሁ። ጭነቱንም በሁለቱም ጎን በሁለት ትንንሽ ጆንያ እከፍለዋለሁ። ልጁ ሊያግዘኝ ይመጣል፤ የሽቦ ቁልፉ ከሐምሌ ጀምሮ እሱ ጋ ነው።